የትውልድ ቆጠራና የተማሪዋ ደብተር



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ነገር ከታላላቅ ጦርነቶች ወይም ከነገሥታት ዜና መዋዕል የሚነሣ አይደለም፤ የሚነሣው ከአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ነው። በአንድ የገና ሰሞን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለም ወደ ላስታ ወጥቼ ከዘመድ ቤት ዐርፌ ሳለሁ፣ ዕድሜዋ ከ13 ዓመት የማይበልጥ የቤቱ ልጅ ደብተሯን ይዛ ከፊቴ ተቀመጠችና፤ «ጋሼ፤ የአማርኛ መምህራችን የቤተ ሰባችሁን የትውልድ ሐረግ ሽማግሌ ጠይቃችሁ፣ አሳምራችሁ ጽፋችሁ አምጡ ብለውናል። እርስዎ የተማሩ ነዎትና ያስጽፉኝ» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ የአባቴን ስም ነገርኋት፤ የአያቴን ስም ነገርኋት፤ የቅድመ አያቴን ስም ከጥቂት ማመንታት በኋላ ነገርኋት። ከዚያ ወዲያ ዝም አልሁ። ልጅቱም ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ ሳታነሣ ትጠብቀኝ ነበር።

ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው እሳቱን ይቈሰቍሱ የነበሩት የልጅቱ አያት ይህን አይተው ፈገግ አሉ። ጉሮሯቸውንም ጠረግ አድርገው ከራሳቸው ጀምረው ወደ ላይ ይቈጥሩ ጀመር። ከዘጠነኛው ስም ላይ ሲደርሱ ዐረፍ ብለው ጠላ ተጐነጩና፤ «ይህ እንግዲህ በአባቴ በኩል ነው፤ የእናቴን ገና አልነካሁትም» አሉ። እኒህ ሰው ፊደል የለዩት ጐልማሳ ከሆኑ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። እኔ ግን ከ20 ዓመት በላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰውን ፋይል ሳደራጅ የኖርሁት፣ የራሴን ቤት ፋይል ከሦስተኛው ቅጠል በላይ ልገልጠው አልቻልሁም።

በየመሥሪያ ቤታችን ቅጽ ላይ «ስም ከነአያት» የሚለውን ቦታ የማያውቅ የለም። ሦስት ስም ከተጻፈ ሰውየው ተሟልቶ ቀረበ ማለት ነው። ነገር ግን ልጅ በተወለደ ጊዜ የሕፃኑ ስም ከፊት ይገባና የአባትየው አያት ከቅጹ ይወጣሉ፤ እንዲህ እያለ በየትውልዱ አንድ ስም ከወረቀት እየወደቀ ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሳያስብበት የቀረ አይመስለኝም፤ በ32ኛው ቍጥር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከመጠሪያ ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ድንጋጌው ግን በሥራ ሳይውል ቀረ፤ ሕዝቡም የአባቱን ስም ተከትሎ መጠራቱን እንደ ያዘ ነው። ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍችንና ሞትን በመላ አገሪቱ የሚመዘግበው የወሳኝ ኩነት ምዝገባም አዋጁ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብለው ተወልደው ለሞቱት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ያለው መዝገብ የሽማግሌ አንደበት ነው፤ ይህም መዝገብ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለ ትውልድ ቆጠራ ለመነጋገር ከላስታ የተሻለ አገር ብፈልግ የማገኝ አይመስለኝም። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ቀድሞ ሮሐ ትባል በነበረችው ከተማ የነገሠው ንጉሥ ላሊበላ ራሱ ትውልዱን የሚቈጥር ሰው ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በስሙ የተጻፉ የመሬት ስጦታ ቃሎች፣ ዛሬ በኤርትራ ምድር በሚገኘው በደብረ ሊባኖስ ዘሺመዛና የወርቅ ወንጌል ውስጥ ተመዝግበው ደርሰውናል። በነዚህ ጽሑፎች ንጉሡ የሞራራ ልጅ፣ የዛን ሥዩም ልጅ፣ የአስዳ ልጅ እየተባለ ሦስት ቤት ወደ ላይ ይቈጠርለታል። ከኛ መሥሪያ ቤት ቅጽ በአንድ ስም ይበልጣል ማለት ነው፤ እኔም በዚያች ማታ ከንጉሡ እኩል ደርሼ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ይሁን እንጂ በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ተጻፈ የሚገመተው ገድለ ላሊበላ የንጉሡን አባት ዛን ሥዩም ይለዋል። ከንጉሡ ዘመን 200 ዓመት ያህል በኋላ አያትየው አባት ሆኖ፣ ሞራራ ከመካከል ወጥቷል። ይህ በመንደር ሽማግሌ አቈጣጠርም ዘወትር የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ስመ ጥሩ አባት ይቀራል፤ ያልተነገረለት ይዘለላል። ሽማግሌው ዋሽተው አይደለም። ትዝታ ከባዱን ሸክም ይዞ ቀላሉን እየጣለ ስለሚጓዝ ነው።

የዛጔ ነገሥታት ዝርዝርም ከዚህ የባሰ ነው። አንዱ መዝገብ አምስት፣ ሌላው ዘጠኝ፣ ሌላው ደግሞ 11 ነገሥታት ይቈጥራል፤ የዘመናቸውንም ርዝመት አንዱ 133 ዓመት ሲል ሌላው 333 ያደርሰዋል። የልዩነቱ ምክንያት የጸሐፊዎች ስሕተት ብቻ አይደለም። በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ መንግሥቱን ከዛጔ ከወሰደ በኋላ ከሰሎሞን መወለድ የዙፋን ማስረጃ ሆኖ ስለ ነበር፣ የዛጔን ዘመን ማስረዘምም ማሳጠርም ለቈጣሪው አንድ ጥቅም ነበረው። ይህ የዘር ማስረጃ ሳይቋረጥ ወርዶ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ2ኛው አንቀጽ እንደ ገባ ከአድማጮቼ መካከል ሕግ የተማሩት ያስታውሱታል። ከዚሁ ከላስታና ከዋግ ምድር የተነሡት ዋግሹም ጎበዜም በአባታቸው ከዛጔ፣ በእናታቸው ከሰሎሞን ወገን እንደሚወለዱ ይነገርላቸው ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ ድል ሆኑ። የትውልድ ሐረጋቸው በሁለት በኩል ረጅም ነበር፤ የዙፋን ዘመናቸው ግን ከሦስት ዓመት አላለፈም።

ነገሥታቱን እዚህ ላይ ልተዋቸው። ያ ከምድጃው ዳር ያሉት ገበሬ ዘጠኝ ስም በቃላቸው የያዙት ለምንድር ነው? ዙፋን አልፈለጉም። መልሱ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ ርስት።

በላስታም ሆነ በጎጃምና በበጌምድር አሠራሩ በመሠረቱ አንድ ነበር። መሬቱን አስቀድሞ ያቀና አንድ አባት አለ፤ ብዙ ጊዜም አገሩ በስሙ ይጠራል። ከእሱ የተወለደ ሁሉ፣ በወንድ በኩልም ሆነ በሴት በኩል፣ ከመሬቱ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። ስለዚህ አንድ ሰው በአባቱ አባት በኩል በሰፈሩ፣ በእናቱ እናት በኩል ደግሞ ከወንዝ ማዶ ርስት አለኝ ብሎ ሊነሣ ይችል ነበር። «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለውም ስለዚሁ ነው፤ የጊዜ ርዝመት መብቱን አያግደውም። የሚያግደው የስም መጥፋት ነው። ባለ ጉዳዩ ከዳኛ ፊት ቆሞ ከራሱ ጀምሮ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ ተከራካሪውም እንዲሁ ይቈጥራል፤ ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ፤ ከመካከል አንድ ስም የጐደለበት ሰው ነገሩ ይበላሽበታል። እንግዲህ አባት ለልጁ ማታ ማታ ትውልዱን ያስጠናው የነበረ ለኩራት ብቻ እንዳልነበረ ልብ በሉ፤ የእርሻው ሰነድ ያ ነበር።

ይህን ስል ግን ያለፈውን ዘመን ማር አስመስዬ ማቅረቤ እንዳይሆን። የርስት ክርክር ወንድማማቾችን ያጋደለ፣ ዕድሜ ልክ ደጅ ያስጠና ነገር ነበር። ዘመድና ጕልበት የሌለው ሰው የአባቶቹን ስም እንደ ዳዊት ቢወጣው እንኳ መሬቱን ላያገኝ ይችል ነበር። ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ፣ ይልቁንም በባርነት ተይዞ የመጣው ሰው፣ ከዚህ ሐረግ ውጭ ነበሩ። ባርነትን የሻረው አዋጅ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ሲወጣ ነጻነትን ሰጠ እንጂ የትውልድ ቆጠራ አልሰጠም። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ከተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች የአንዱ አያት ዘጠኝ ስም ሲያስቈጥሩ የሌላው አያት ዝም ሊሉ ይችላሉ፤ ዝምታቸውም ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጋብቻ ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚዛመዱ ሰዎች እንዳይጋቡ ስለሚከለከል፣ ሽማግሌ ሲላክ አስቀድሞ የሁለቱ ወገን ትውልድ ይቈጠራል። ይህኛው ልማድ ዛሬም በገጠሩ አለ፤ ለከተሜ ግን ሠርግ ከተቈረጠ በኋላ ድንገት የሚያስደነግጥ ነገር እየሆነ ሄዷል።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ታወጀ። ስለዚህ አዋጅ ብዙ ተጽፏል፤ መሬት ላራሹ ሲባል የደስታ ሰልፍ መደረጉን የምታስታውሱ አላችሁ። ብዙ ያልተነገረለት አንዱ ውጤቱ ግን ይህ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአያት ስም መሬት ማስገኘቱን አቆመ። ገበሬው ማሳውን የሚያገኘው በነዋሪነቱ እንጂ በትውልዱ መሆኑ ቀረ። ዛሬ በአማራ ክልል ለገበሬው የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት፣ ለሴቲቱም መብቷን የሚያረጋግጥ መልካም ሰነድ ነው፤ ዘጠኝ ስም ግን አይጠይቅም። የማይጠየቅ ነገር ደግሞ አይጠናም። እኔ በዚያ አዋጅ አላዝንም፤ ነገር ግን ሕጉ የሻረውን የስም ቆጠራ ማን እንደሚረከበው በጊዜው ያሰበበት ሰው እንዳልነበረ አስተውላለሁ።

ከዚያም ረሃቡ መጣ። ወሎ ከአዋጁ ቀደም ብሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ተርቦ ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ግን ከዚያ የባሰ ሆነ። ላስታ ከዋና ዋናዎቹ የረሃብ ቦታዎች አንዱ ነበር። ከሁሉ አስቀድመው የሚሞቱት ሕፃናትና ሽማግሌዎች በመሆናቸው፣ ቈጣሪውም ሊቈጠርለት የነበረውም አብረው ሄዱ። የተረፈው ሕዝብ በጊዜው በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደ ነበረችው ወደ ቆረምና ወደ ሌሎች መጠለያዎች ተጓዘ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው ሠፈራ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ተወሰደ፤ ከዚህም ውስጥ የወሎ ሰው ብዙውን ድርሻ ይይዝ ነበር። ሁሉም በፈቃዱ አልሄደም፤ ባል ወደ አንዱ፣ ሚስት ወደ ሌላው ጣቢያ የደረሱበት ጊዜ ነበር። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ የተበተነውን ቤተ ሰብ ስንጨምርበት፣ በአንድ የሰባተኛ ክፍል ደብተር ላይ ባዶ መስመር ቢበዛ የሚያስደንቅ አይሆንም።

የልጅቱ አያትም ሲቈጥሩ ወደ ጐን፣ ማለት ወደ ወንድሞቻቸው፣ በደረሱ ጊዜ አንዱን ስም ጠርተው ቆም አሉ። ወደዚህ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንዲህ ያለውን ሥራ ለቋንቋ ተማሪ መስጠት የኛ መምህራን ብቻ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ አገር በጆርጂያ ግዛት፣ በአፓላችያን ተራሮች ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት የሰለቻቸው ተማሪዎች ወደ ሽማግሌዎቻቸው ሄደው የሚሰሙትን እየጻፉ «ፎክስፋየር» የሚባል መጽሔት ማውጣት ጀመሩ። በ1972 ከመጽሔቱ ተሰብስቦ የታተመው መጽሐፍ በአገሩ ሁሉ ተነበበ። ደገኞች ስለ ሆኑ ነው መሰል ሥራቸው የኛን ላስታ ያስታውሰኛል። በ1976 ደግሞ አሌክስ ሄሊ ከጋምቢያ ተይዞ ከተሸጠ አባት ጀምሮ የቤተ ሰቡን ታሪክ «ሩትስ» በሚል መጽሐፍ አወጣ፤ በማግሥቱ ዓመትም በቴሌቪዥን ታየ፤ ብዙ አሜሪካውያን አያቶቻቸውን መፈለግ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ቈይቶ ግን የታሪክ ሊቃውንት መርምረው የጋምቢያው ሽማግሌ ቃል የሚታመን አለመሆኑን ገለጡ፤ እንግዳው ምን መስማት እንደሚፈልግ በመንደሩ አስቀድሞ ታውቆ ነበርና። የኛም ተማሪ ይህን ይወቅ፤ ሽማግሌን «ከላሊበላ ዘር ነን አይደል?» ብሎ ከጠየቀ፣ «አዎን» የሚል መልስ አያጣም። «አያትዎ ማን ይባሉ ነበር? ከየት መጡ? ማን ነገረዎት?» ቢል ይሻላል።

የአማርኛ ክፍል ለዚህ ሥራ የተመቸው ደግሞ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩበት ነው። ከቅድመ አያት በላይ ያለው ምንዥላት እንደሚባል ልጅቱ ያወቀችው በዚያች ማታ ነው፤ እኔም ቃሉን በመዝገበ ቃላት እንጂ በሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ በላይ ያሉት ስሞች እንደ አገሩ ይለያያሉ፤ ይህም ራሱ ሊሰበሰብ የሚገባው ነው። አንድ ሰው የዓለም ስምና የክርስትና ስም ስላለው በእርሻ ክርክር በአንዱ፣ በተዝካሩ በሌላው ይጠራል፤ ተማሪው ካላስተዋለ አንዱን አያት ሁለት ያደርገዋል። በወሎ ደግሞ በአንድ ሐረግ ላይ የክርስቲያንና የእስላም ስም ጐን ለጐን ማግኘት የተለመደ ነው፤ መምህሩ በዚህ ላይ ተማሪዎቹን ቢያነጋግር ብዙ ይማሩበታል። ወደ ላይ ሲወጣም አማርኛው ራሱ ያልቃል። የላስታ ሕዝብ ጥንተ መሠረቱ ከአገው ነው፤ ዛሬ በዋግ የሚነገረው ኽምጠኛ የዚያ ቅሪት ነው፤ ንጉሡ በተወለደ ጊዜ ንብ ከበበው ተብሎ ስለ ስሙ የሚነገረውም ትርጓሜ ንብን «ላል» ከሚለው የአገው ቃል ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ በአማርኛ ደብተር የተጀመረ ቆጠራ ከአንድ ትውልድ ላይ ሲደርስ በሌላ ቋንቋ የሚናገር አያት ያጋጥመዋል።

አንድ ፍርሃት አለኝና ሳልናገረው አላልፍም። አባቱን የማያውቅ ልጅ አለ፤ በአሳዳጊ ቤት የሚኖር አለ፤ አያቱ ስለ ትውልዳቸው መናገር የማይፈልጉ አለ። መምህሩ ብዙ ስም ላመጣ ብዙ ነጥብ እሰጣለሁ ካለ፣ የድሮውን የርስት ችሎት በክፍል ውስጥ አቋቋመ ማለት ነው። በኔ ሐሳብ ነጥቡ መሰጠት ያለበት ለስሙ ብዛት ሳይሆን ለተጻፈው ነገር ነው፤ ስለ አንዲት አክስት ጥሩ አድርጎ ሁለት ገጽ የጻፈ፣ 12 ስም ከደረደረው አያንስም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ባሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» ላይ፣ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን ብለው የብዙ ሰዎችን ኑሮ በአጭር በአጭሩ መዝግበዋል። በመጽሐፉ ውስጥ የሚበዙት መኳንንትና ሊቃውንት ናቸው። የገበሬውንና የባልቴቷን ድርሻ ለመጻፍ ግን ከሰባተኛ ክፍል ተማሪ የተሻለ ጸሐፊ አይታየኝም፤ ከሽማግሌው ጋር በአንድ ቤት የሚያድረው እሱ ነውና።

ወደዚያች ማታ ልመለስ። አያትየው ስሙን ጠርተው ቆም ያሉበት ሰው ታናሽ ወንድማቸው ነው። በ1977 ዓ.ም. ከሚስቱና ከአንድ ሕፃን ጋር ወደ ሠፈራ ሄደ፤ መተከል ደረሱ የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልተሰማም። ስማቸውን እዚህ ላይ የማልጠራው ፈቃድ ስላልጠየቅሁ ነው። ልጅቱ ጥቂት አሰብ አደረገችና፤ «አባባ፤ ሞቱ ብዬ ልጻፍ ወይስ አሉ ብዬ?» አለቻቸው። እሳቸውም ወዲያው አልመለሱላትም፤ አንድ እንጨት ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉና፤ «ስሙን ጻፊው። ከስሙ በታች ቦታ ተዪለት፤ ልጆች ሳይኖሩት አይቀርም» አሏት።

ጧት ከመሄዴ በፊት ደብተሯን አሳየችኝ። የአባትና የእናት ሐረግ በሁለት ቀለም ተጽፎ፣ ከቅርንጫፎቹ አንዱ ላይ የአያቷ ወንድም ስም ነበር። ከሥሩም በማስመሪያ የተሰመሩ አራት ባዶ መስመሮች ነበሩ። ለምን አራት እንዳደረገቻቸው ብጠይቃት፤ «አባባ አራት ልጆች ስለ ወለዱ ነው» አለችኝ።